ሩቅ የሚሄደው ማነው

አልተኛሁም። ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ በአራት ሚስማር ወጥሬዋለሁ፤ የቀኑ ብርሃን ግን በጠርዙ ሾልኮ ይገባና ግድግዳው ላይ ቀጭን መስመር ያሰምራል፤ እሷን መስመር እያየሁ ስድስት ሰዓት ሞላ። እዚህ ስድስት ሰዓት ቀትር ነው። ሰው ሁሉ ምሳ ሊበላ ከቢሮው እየወጣ ነው፤ እኔ የሌሊት ሠራተኛዋ ይሄኔ ድብን ያለ እንቅልፍ ውስጥ መሆን ነበረብኝ። ቆቦ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ሊነጋጋ። በሰባት ሰዓት ነው የምንለያየው፤ በጋቸው ሲመጣ ስምንት ይሆናል፤ ሰዓቱን በመንግሥት ትእዛዝ ወደፊት ይገፉታል። የመጀመሪያው ዓመት ይሄን ስሰማ አንድ ሰው እያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር። ሰዓት መግፋት ከተቻለ ታዲያ ለምን ወደኋላ ዘጠኝ ዓመት አይገፉልኝም፣ ለአንድ ጧት ብቻ፣ ለአንድ ጉርሻ የሚሆን ጊዜ ብቻ። ተነሽ ራዊያ፣ ውሃ ጠጪ። ተነስቼ ጠጣሁ። ተመልሼ ተኛሁ። ወረቀቱ ትራሴ ሥር አለ፣ በዳበሳ አገኘሁት፣ አሁንም ዘይት ዘይት ይሸታል፣ ወይም ለእኔ ነው የሚሸተኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሐሙስ እናቴ ሮቢት ያለው ቤቷ ነች።

የምሠራበት ቤት ቦምቦሊኖና ቡና ይሸጣል። አንድ ቤት አይደለም፣ ሰባት ነው፤ ከሜልቦርን ወደ ምዕራብ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በየትንንሹ ከተማ አንድ አንድ፣ የሁሉም በር ቢጫ፣ በበሩ ላይ «ሁሉም በእጅ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ። ልቀጠር የመጣሁ ቀን ጽሑፉን አንብቤ ሳቄ መጣ፤ በእጅ ካልሆነ በምን ሊሠራ ኖሯል? ለካ በሌላው ቤት ሊጡን ቆርጦ ዘይት ውስጥ የሚጥለው ማሽን ነው፣ የእነዚህ ኩራት የሰው እጅ መሆኑ ነው። እጅ ይባል እንጂ በእጄ ላይ የተጻፈው ሕግ ብዛቱ! ጓንት ይጠለቃል፣ እያንዳንዷ ስድሳ ግራም ትመዘናለች፣ ሊጡ የሚያርፍበት ሳጥን ሰዓቱ ሲሞላ ይጮሃል፣ ለእያንዳንዱ ነገር ቅጽ አለ፣ በቅጹ ግርጌ ስሜን እጽፋለሁ፤ በሕይወቴ ስሜን እንደዚህ ብዙ ጊዜ ጽፌ አላውቅም። መጀመሪያ ሳቅሁባቸው፣ ኋላ ግን ተገረምሁባቸው፣ እውነቱን ልናገር። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ የተበተኑ ሰባት ቤቶች አንድ ዓይነት ጣዕም ይዘው ሲያድሩ፣ የሰው እጅ በወረቀት ታስሮ እንደዚህ ሲታዘዝ፣ ሱብሐነላህ ያሰኛል። አንዲት ነገር ብቻ አልዋጥልሽ አለችኝ። ከዘይቱ መጀመሪያ የወጣችው አትሸጥም፤ መሃሏ ላይ መርፌ ይወጋባታል፣ ሙቀቷ ይነበባል፣ ይመዘገባል፣ ከዚያ ለሁለት ተሰንጥቃ ወደ ቆሻሻ ትጣላለች። የመጀመሪያዋ ናት እንግዲህ ይህች።

በሁለተኛው ሳምንት መጣል አቃተኝ። መርፌውን ወጋሁ፣ ቁጥሩን ጻፍሁ፣ ከዚያ የጓሮውን በር ከፍቼ ወተት ሊያራግፍ የመጣውን ሾፌር ጠራሁና በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት፣ «ለበረካ» አልኩት በአማርኛ። ሰውየው ቆሞ በላት፣ ዓይኑን ጨፍኖ በላት፣ ነገሩን ያበላሸውም ደስታው ነው፤ ጧት ሄዶ ለአለቃዬ አመሰገነልኝ። ከሰዓት በኋላ ኢሜይል መጣ፣ ስልኬ ላይ በትርጉም ከፍቼ አነበብሁት፣ ለሙከራ የተመደበ ምርት ለውጭ ሰው አሳልፎ መስጠት ይላል፣ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይላል። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለችም፤ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ዘይቱ ገና ከሆነ የመጀመሪያዋ ጥሬ ትሆናለች፣ ሰው ብታሳምምስ አለችኝ። ልክ ናት። ምን ልመልስላት? በእኛ አገር የመጀመሪያዋ የባለቤቱ አይደለችም ልበላት? እሷን የሸጠ ሰው ሊጡ አይነሳለትም ልበላት? በየትኛው ቅጽ ላይ ልሙላው? እሺ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድፍን አራት ዓመት በየሌሊቱ የመጀመሪያዋን እሰነጥቃታለሁ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ፣ እጥላታለሁ። ከቦምቦሊኖ ጋር አውፍታ የምጠያየቅ ሴት ሆኛለሁ፣ ሰው ቢያየኝ ምን ይል ነበር።

ያኔ እናቴ መናኸሪያው በር ላይ ናት፣ ቆቦ፣ ጎህ ሳይቀድ። ዓሊማ ማለት እሷ ናት፤ ሾፌሩም ረዳቱም ባጃጅ ነጂውም በስሟ ይጠራታል። ብረት ድስቱ በሦስት ድንጋይ ላይ፣ ሊጡ በሰማያዊ ሳፋ፣ በሻይ ብርጭቆ ትቆርጣለች፣ መሃሉን በለስላሳ ቆርኪ ትበሳለች፣ ከዚያ ዘይት ውስጥ ከመክተቷ በፊት እያንዳንዷን ጠርዟ ላይ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋታለች። የጣቷ ጉድጓድ ቶሎ ከሞላ ሊጡ ገና ነው፣ ጭራሽ ካልሞላ አልፎበታል፣ ግማሹን ሞልቶ ከቆመ ያኔ ቢስሚላህ። ለዚህ ነው የእናቴ ቦምቦሊኖ ሁሉ በአንድ ጎኗ ጎድጎድ የምትለው። እኔም በልጅነቴ ተምሬው እጄ አልተወውም፤ እዚህ በጓንት ሁሉ ጫን አደርጋለሁ፣ አለቃዬ አንድ ቀን አየችውና ይጻፍብኛል ብዬ ስደነግጥ ፎቶ አንስታ በር ላይ ለጠፈችው፣ በእጅ ለመሠራቱ ማስረጃ ነው ብላ። ታዲያ የእናቴ የመጀመሪያዋ ቦምቦሊኖ ሁልጊዜ የበረካ ናት። ቀድሞ በበሩ ላለፈ ትሰጣለች፣ ለለማኝ ይሁን ለፖሊስ ግድ የላትም። ደግሞ አትቀመጥም። እንዳትቀዘቅዝ፣ በረካዋ በሙቀቷ ነው ትላለች፣ ስናቆያት ትቆጣናለች። ያን ዕለት ግን፣ ያን የሰኔ ዕለት፣ እሷን የመጀመሪያዋን አውጥታ በሳህን ላይ ወደ እኔ ገፋችልኝ። «ፊትሽ ልክ አይደለም ዛሬ። ነይ አንቺ ቅመሺያት።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ አላራመደኝም፣ ከሰፈራችን ሴቶች ግማሹ ጅዳ ናቸው፣ የሌሎቹም ሻንጣ ከአልጋ ሥር ነው። በመተማ ሱዳን የሚያስገባ ደላላ አግኝቻለሁ፣ ማታ ልብሴን ከውስጥ ደራርቤ ለብሻለሁ፣ ብር ጡቴ ውስጥ ነው። ችግሩ መናኸሪያው በር ላይ የተቀመጠችው እናቴ ናት፣ በየትኛው መኪና ልሳፈር? ስለዚህ ቢጫ ጀሪካን ያዝሁ። ውሃ ቀጂ መስዬ ከከተማው ጫፍ በሚኒባስ ሮቢት እሄዳለሁ፣ እዚያ ከመንገድ ዳር የወልዲያውን መኪና እይዛለሁ። ሳህኑን አየሁት። እጄን ብዘረጋ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስሁ ታውቃለች። «ውሃ ቀድቼ ስመለስ እበላለሁ» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፣ ሊጥ ላይ ነበረች፣ «እንዳትቆዪ» አለችኝ። ይኸው ቆየሁ። ጀሪካኑን ሮቢት አንድ የቁልቋል አጥር ሥር አስቀመጥሁት፣ ወርውሬ መሄድ አቃተኝ፣ ሰው እንዲያገኘው አድርጌ ቀና አድርጌ አስቀመጥሁት፣ እንግዲህ እናቷን ሳትሰናበት የምትጠፋ ልጅ ለጀሪካን ስትጨነቅ። በእኛ አገር ሰው ምርቃት ሳይቀበል ለወልዲያ ገበያ እንኳ አይወጣም። እጅ አናት ላይ ካላረፈ፣ አሚን ካልተባለ፣ መንገዱ መንገድ አይሆንም። እኔ ያለ ምርቃት ሱዳን ገባሁ፣ ያለ ምርቃት ካይሮ አራት ዓመት የሰው ቤት ጠረግሁ፣ ያለ ምርቃት ስሜ ከስደተኞች መዝገብ ወጣና በአውሮፕላን ወደዚህ የዓለም ጫፍ መጣሁ። ሳይሆንልኝ ቀርቶ አይደለም፣ ሆነልኝ፤ ግን የሆነልኝ ሁሉ የሰው ዕቃ የያዝሁ ያህል እየከበደኝ ነው።

ከካይሮ ስደውል የምታነሳው ታናሼ ኢቅራ ነበረች፤ አሁን ወልዲያ አግብታ ትኖራለች፣ ዛሬም እናቴን የምሰማት በእሷ አፍ ነው። ያኔ «እማን አቅርቢልኝ» እላለሁ። ስልኩን ስትሸፍነው ይሰማኛል፣ ከዚያ ትመለሳለች። «ራዊዬ፣ በስልክ አልመርቅም ብላለች። ሳትመረቅ የወጣች በስልክ አትመረቅም፣ ይሄ አናት ላይ እጅ የሚያሳርፉበት ነገር ነው ብላለች። አብሽሪ፣ ይበርድላታል።» ዘጠኝ ዓመት አልበረደላትም። ሰላምታዬን ትቀበላለች፣ የላክሁትን መድኃኒት ትውጣለች፣ ስልክ ግን አትይዝም። ተቆጥታብኛለች ብዬ ደመደምሁ፣ ምን ልበል ሌላ? በዚያ ላይ ኢቅራ የምትነግረኝ ሌላ ጉድ ነው። እናቴ መናኸሪያውን ትታ ቤት ተከራየች። ቀጥሎ ሁለተኛ ቤት ከፈተች፣ ሮቢት። ለምን ሮቢት ብዬ ብጠይቅ ኢቅራ አታውቅም፣ «እኔም እላት ነበር፣ ቆቦ ውስጥ ቦታ ሞልቶ፤ ሮቢት መንገዱ ዳር ካልሆነ አልከፍትም አለች።» ከዚያ ዋጃ። ከዚያ ቆቦ እንደገና፣ ሆስፒታሉ አካባቢ። አምስተኛው አላማጣ። በየቤቱ ሴቶች ልጆች ቀጥራለች፣ ቡናም አለ፣ በሳምንት አንዳንድ ጧት እየዞረች ሊጡን በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች፣ ያለ ሚዛን፣ ያለ ቅጽ። ማንበብ የማትችለው እናቴ። እኔ ለሰባት ቢጫ በር ስገረም እሷ አምስት ከፍታለች።

ስልክ የጠፋበት ጊዜ ነበር፣ ጦርነቱ፣ ወራት ሙሉ ድምፅ የለም፣ እዚህ ሊጥ እየዳመጥሁ በጆሮዬ ዜና አደምጣለሁ፣ ቆቦ የሚል ስም በተጠራ ቁጥር መዳመጫው ከእጄ ይወድቃል። መስመሩ ሲመለስ ኢቅራ መጀመሪያ «አለን» አለችኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን። ቤቶቹ ተዘርፈው ነበር፣ የስንዴ ዱቄት የለም፣ ዘይት የለም። «እማ ግን» አለችኝ፣ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «እማን እንጃ፣ በማሽላ ዱቄት፣ በደረቅ ምጣድ፣ በቀን አንዲት ትጠብሳለች። አንዲት ብቻ። ይዛት አስፋልት ላይ ትወጣለች፣ ለሚሸሽ ሰው ትሰጣለች።» አእምሮዋ ተነካ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ እንዴት እንዳለቀስሁ። ማሽላ እኮ አይነሳም፣ ድንጋይ ነው የሚሆነው፤ ምን ልትሠራበት? አሁን ገባኝ። ትናንት ገባኝ፣ ይኸው ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ትናንት ፈረቃዬ አልቆ ልወጣ ስል የቡናው ልጅ ቀረና እስከ አራት ሰዓት ቆይተሽ አስተናግጂ ተባልሁ። አንዲት ወጣት ሴት መኪና አቁማ ገባች፣ ከኋላዋ እናቷ፣ ነጠላዋን በካፖርቷ ላይ አጣፍታ። ወጣቷ በእንግሊዝኛ አዘዘች፣ ሰጠኋቸው፣ ጥግ ላይ ተቀመጡ። እናትየው አልበላችም። ቦምቦሊኖዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጋ ታገላብጣታለች፣ ጎኗን በጣቷ ትዳስሳለች።

«ይቺን የጠበሳት ማነው?» አለች ለልጇ፣ በአማርኛ፣ ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።

«እማዬ ብይ በቃ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየና። ይቺ የዓሊማ አውራ ጣት ናት።»

የያዝሁት ሲኒ ውስጥ ወተቱ ሞልቶ ፈሰሰ። ጨርቅ ይዤ ጠረጴዛቸው ጋ ሄድሁ፣ የሚጠረግ ነገር እንኳ አልነበረም። «እኔ ነኝ የጠበስኳት፣ እማማ» አልኳት።

«አበሻ ነሽ? የት አገር ነሽ ልጄ?»

«ቆቦ።»

«ወየው ጉድ። እኔ እኮ የዋጃ ነኝ፣ የትናየት እባላለሁ፣ ይኸው የልጅ ልጅ ልታይ አሉና አመጡኝ፣ ከመጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ።» እጄን ይዛ ሳመችው፣ በጓንቱ ላይ። «እንግዲያው የዓሊማን ቤት ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ» አልኩ። ልጇ ነኝ አላልሁም። ለምን እንዳላልሁ እንጃ። ሳይመረቁ የወጡ ልጆች የእናታቸውን ስም በየቡና ቤቱ አይጠሩም መሰለኝ።

«እኔ እዚያ ዋጃ ቤቷ ስንት ቀን ቡና ጠጥቻለሁ መሰለሽ፤ ይሄን ነገሯን ግን አላወቅሁም ነበር፣ ለተቀመጠ ሰው አይነግሩትማ። ወደዚህ ልመጣ የአዲስ አበባውን መኪና ያዝሁ። ሮቢት ላይ ቆመልን። አንዲት ልጅ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ፣ በየመስኮቱ ሥር እየዞረች ‹ከሁላችሁ ሩቅ የሚሄደው ማነው?› ትላለች። አንዱ ደሴ አለ፣ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ ሾፌሩ አዲስ አበባ አለና ሳቁ። እኔ አፍሬ ዝም፤ በዚህ ዕድሜዬ ባሕር እሻገራለሁ ብዬ እንዴት አፌን ልክፈት? ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ አጋለጠኝ። ‹እኚህ እናት አውስትራሊያ ናቸው› አላት። ልጅቷ አቀበለችኝ፣ እንደ ፍም ትኩስ ናት። ስንት ነው ብላት ‹አትሸጥም እማማ፣ የመጀመሪያዋ የሩቅ ሂያጅ ናት› አለችኝ። ‹የቤቱ ባለቤት ሳትቀምስ የወጣች ልጅ አለቻት። ከዚሁ ከሮቢት ነው የተሳፈረችው፣ ጀሪካኗ እዚህ አጥር ሥር ነው የተገኘው። ማንም ሩቅ ሂያጅ በዚህ በኩል በባዶ ሆዱ እንዳያልፍ ብላ ነው› አለችኝ። እስክጨርስ መስኮቱ ሥር ቆማ ጠበቀችኝ፣ መኪናው ጥሩምባ እየነፋ። ጨርሼ ወረቀቱን ሳሳያት ነው ‹አሚን› ብላ የሄደችው።»

«በየቀኑ ነው?» አልኳት።

«በየቀኑ ነው እንጂ። በአምስቱም ቤት ነው አለኝ ሰውየው፣ ከድሮ ጀምሮ። ወረቀቷን ይዣታለሁ፣ የልጄን ስልክ ከጀርባዋ አስጽፌባት።» ከቦርሳዋ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ በመዳፏ ዘረጋችው፤ ሐምራዊ ማኅተም፣ የዓሊማ ቦምቦሊኖና ቡና፣ ሮቢት፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበች እንጃ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። «ያዢው ልጄ። የልጄን ቁጥር አሁን አልፈልገውም፣ እኔ ደርሻለሁ።»

ከዚያ ወዲህ እያሰብሁ ነው፣ ማሰብ ከተባለ። በየጧቱ አምስት ሰው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት፣ ልደምረው ሞከርሁና ተውሁት፣ የሚደመር ነገር አይደለም፣ በረካ አይቆጠርም። ሪያድ ሳህን የምታጥበው ልጅ በልታልኛለች። ኦቦክ አሸዋ ላይ ጀልባ የጠበቀው ልጅ በልቶልኛል፤ ባሕሩ የበላው ልጅም ቢያንስ ከቤት ሲወጣ ትኩስ ነገር ቀምሷል። የእኔን ድርሻ አፋቸው ውስጥ ይዘው ዓለምን ሞሉት፣ ማን እንደሆንሁ ሳያውቁ፣ ስሜን ሳይሰሙ። ምርቃት ከለከለችኝ እላለሁ እኔ፤ እሷ ሮቢት ድረስ ሄዳ፣ ጀሪካኔ የቀረበት መንገድ ዳር ቤት ከፍታ፣ መንገዱን ራሱን ስትመርቀው ኖራለች። አይተውኝ የማያውቁ ልጆች አስተምራለች፣ አሚን በሉ ብላ። የእኔዎቹ ሰባት ቤቶች በቅጽ አንድ ሆኑ ብዬ ተደነቅሁ፤ አምስቱ የእናቴ ቤቶች አንዲት ያልተበላች ቦምቦሊኖ ነው አንድ ያደረጋቸው። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። ይሄን ያህል መወደድ ያስፈራል። እኔ ደግሞ በዚያው በየሌሊቱ የመጀመሪያዋን ወደ ቆሻሻ እጥላለሁ። ወላሂ በሕይወቴ እንደዚህ አፍሬም፣ እንደዚህ ጠግቤም አላውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኗል እዚያ። ዘይቱ ተጥዷል አሁን። ብደውል ምን እላለሁ? ኢቅራ መሃል ከሌለች ማን ይመልስልኛል? እናቴ ድምፄን ሰምታ ብትዘጋውስ? አንዴ ከዘጋችው ተዘጋ ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ይበርድላታል እያሉ መኖር የለም፣ ዘጠኝ ዓመት የኖርሁት ይበርድላታል እያልሁ ነው። ተይው ራዊያ፣ ተኚ፣ አራት ሰዓት ሥራ አለብሽ። ተነስቼ ብርድ ልብሱን ከሁለቱ ሚስማር አላቀቅሁት፣ ብርሃኑ ግማሹን አልጋ ሞላው። ወረቀቱን አውጥቼ የሮቢቱን ቁጥር ደወልሁ። ይጠራል።

«ሄሎ፣ ዓሊማ ቦምቦሊኖ።» የልጅ ድምፅ ነው፣ ችኩል። ከኋላዋ ዘይት ይንጫጫል፣ ያንን ድምፅ የትም ቢሆን አውቀዋለሁ። «ሄሎ? ማነው?»

«ከሩቅ ነው የምደውለው፣ እህቴ። ስምሽ ማነው?»

«ትዕግሥት። ትእዛዝ ከሆነ ትንሽ ቆይተሽ ደውዪ፣ አሁን ዘይት ላይ ነን፣ መኪናም ቆሞብናል።»

«የመጀመሪያዋ ወጣች?»

«እሱን ማን ነገረሽ?»

«የበላ ሰው ነገረኝ። ተሰጠች?»

«ገና ልጠይቅ ነው። ይኸው እጄ ላይ ነች፣ እያቃጠለችኝ።»

«ጠይቂያቸው እስቲ። እኔም ልስማ።»

እብድ መስያት ይሆናል፣ ግን አልዘጋችውም። እርምጃዋ ይሰማኛል፣ የመኪናው ሞተር ይቀርባል፣ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ያቺን ነገር፣ እኔ ተኝቼ እያለሁ ሦስት ሺህ ጧት የተባለችዋን፣ «ከሁላችሁ ሩቅ የሚሄደው ማነው?» መርሳ፣ አለ አንድ ሰው። ወልዲያ። ደሴ ነን እኛ። አንዱ ከኋላ ኮምቦልቻ አለ፣ ኮምቦልቻን የበለጠ ጠፋ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ትዕግሥት፣ እኔ ነኝ ሩቋ።»

«አንቺማ ሂያጅ አይደለሽም» አለች፣ እንደ መሳቅ ብላ። «አንቺ የሄድሽ ነሽ።»

ከሩቅ፣ ከቤቱ ውስጥ፣ «ማናት እሷ?» የሚል ድምፅ መጣ። ትንሽ ሻክሯል። ዘጠኝ ዓመት አርጅቷል። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ።

«እንጃ እማ፣ አንዲት ሴት ናት፣ በስልክ። ከሁሉም ሩቅ እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያዋ የእኔ ናት ትላለች።»

ዘይቱ ይንጫጫል። ከዚያ እናቴ፣ ቀረብ ብላ፣ ለስልኩ ሳይሆን ለልጅቷ፣ «ምን ብላ እንደወጣች ጠይቂያት» አለች።

ትዕግሥት አልጠየቀችኝም፣ ስልኩን ወደ እናቴ አዞረችው መሰለኝ፣ ትንፋሿ ተሰማኝ። «ውሃ ቀድቼ ስመለስ እበላለሁ ብዬ» አልኩ። እንባዬ አፌ ውስጥ ገባ። «እንዳትቆዪ ተብዬ ነበር።»

መኪናው ጥሩምባ ነፋ፣ ሁለት ጊዜ።

«አስቀምጫት» አለች እናቴ።

«የመጀመሪያዋን? አትቀመጥም አላልሽንም እማ? ትቀዘቅዛለች እኮ።»

«ትቀዝቅዝ። ለኮምቦልቻው ሰው ሁለተኛዋን ስጪው። የእሷን ክደኛት፣ ስመለስ ብላኛለች።»

ትዕግሥት ስልኩን የት እንዳስቀመጠችው አላውቅም፣ ግን አልዘጋችውም፣ እናቴም ዝጊው አላለቻትም። ሳህን በሳህን ላይ ሲከደን ሰማሁ።